በመንጋጋዬ ውስጥ የቀረው ጥጥ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ኅዳር፣ በአንድ እሁድ ማለዳ፣ ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው። ለነገሩ ሁሉ ምክንያት የሆነው ጥርስ ከተነቀለ ቆይቷል። ንዴቱን የሚነቅልልኝ ሐኪም ግን እስካሁን አላገኘሁም። ብዕር ያነሣሁት ለዚህ ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር፤ ሌላ ሰው ከሚናገርብኝ ይሻላል። ድረስ እባላለሁ፤ የወረታ ሰው አያ ድረስ ይለኛል። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አርባ ዓመት መኪና ነድቻለሁ። የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር ሳመላልስ ነው ጸጉሬም ጥርሴም ያለቀው። ከአርባው ዓመት ሃያ ዘጠኙን ጠጪ ነበርሁ። ጠጪ ስል በዓመት በዓል የሚቀምሰውን ማለቴ አይደለም። የአረቄ ቤቷ ውሻ ከገዛ ቤቴ ውሻ ይልቅ ታውቀኝ ነበር፤ የቤቴ ውሻማ እንደ እንግዳ ትጮህብኝ ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ልጄ ፈንታዬ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሐሙሲት ገበያ ይዣት ስመለስ ሁለት መለኪያ ብቻ ቀምሻለሁ ብያት ነበር። ስድስት ነበር። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጥታ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ውስጥ ገባችና በጎኗ ተጋደመች። እኔን ጭረት አልነካኝም። የልጄ የግራ ክንድ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወጌሻም ሐኪምም አየው፤ እስከዛሬ ድረስ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም።

በሳምንቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ዳግመኛ ላልቀምስ ማልሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጉንጭ በጉሮሮዬ አላለፈም። አሁን በፎገራ ሜዳ ከኔ በላይ ውሃ የሚጠጣ በሬ ቢኖር አምጡልኝ።

ፈንታዬ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ቢሆንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ የምነዳው መኪና ላይ አልወጣችም። ላድርስሽ ስላት፣ "አባ፣ በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል" ትለኛለች። ዶፍ እየወረደ በእግር መሄድ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም። ገብቶኛል።

አሁን ፈንታዬ አስተማሪ ናት። አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ባለፈው ዓመት ወለደች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና የሚወለደው፣ እኛው ቤት ታረሰች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እንግዲህ ሰማንያ ቀን ሙሉ ከልጄ ጋር አንድ ጣራ ሥር ከረምሁ። በመጀመሪያው ወር ሕፃኗን ከሩቅ አሳየችኝ። በሁለተኛው ወር እጄን ታጥቤ እንድይዛት ፈቀደችልኝ። ክርስትናው ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ጨርቅ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "እሁድ እርስዎ ይውሰዱን" አለችኝ።

የሰማሁት እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ጆሮዬን በጣቴ ጠረግሁ።

"ምን አልሽ?"

"ሰምተዋል፤ አያስደግሙኝ" አለችና ሳቀች።

ወጣሁና ፒካፗን አጠብኋት። የባለቤቴ ወንድም መኪና ናት፤ ከኔ ትንሽ ብታንስ ነው። ጎማዋን በሳሙና አጠብሁት። ጎማ በሳሙና ሲታጠብ ያየ ጎረቤት ሁሉ ሽማግሌው ሊያገባ ነው ወይ እያለ አላገጠብኝ።

ክርስትናው ይፋግ አጠገብ በአማቾቿ ደብር ነው። ድግሱም እዚያው። ስለዚህ ቅዳሜ ባለቤቴና አማቼ፣ የፈንታዬ ባል፣ ቀደም ብለው ሄዱ። እኔ እሁድ ማለዳ እናትና ልጅን ይዤ ልደርስ ነው።

ቅዳሜ ማታ መንጋጋዬ ጀመረኝ። ጥርሱ ከተቦረቦረ ዓመት አልፎታል፤ ያችን ቀን ጠብቆ ተነሣብኝ። ቅርንፉድ ብፈልግ ከቅመሙ ጋር ጭነውት ሄደዋል። ባለቤቴ ዘንድ ደወልሁ።

"ጥጥ በአረቄ ንከርና ቀዳዳው ውስጥ ወትፈው" አለችኝ። "እንዳትውጠው ብቻ።"

"አረቄ? እኔ?"

"ለጥርስህ እንጂ ለአንተ መች ሰጠሁህ። ደግሞ ለልጅቱ እንዳትነግራት። አረቄ የሚል ቃል ከአፍህ ከሰማች መኪናው ላይ አትወጣም።"

ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጥርስ ያመመው አረቄ በጥጥ ይይዝበታል፤ አያቶቻችንም ይይዙበት ነበር። አረቄው ደግሞ ለክርስትናው የወጣ የሩዝ አረቄ ነው። በእኛ በኩል ጠላውም አረቄውም ከሩዝ መሠራት ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ጀሪካን ሳይጫን ጓዳ ቀርቶ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ክዳኑን ከፈትሁት። ሽታው እንደ ድሮ ጓደኛ ነው፤ በስሜ የጠራኝ መሰለኝ። ጥጡን ነከርሁ፣ መንጋጋዬ ውስጥ ወተፍሁ፣ ምራቄን ተፋሁ፣ ክዳኑን ገጠምሁ። ጠብታ አልዋጥሁም።

ጠዋት ልንወጣ ስንል ሕመሙ ስለተመለሰ ጥጡን ቀየርሁት። አዲሱን ደህና አድርጌ ነክሬ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ልጄ ሽታው እንዳይደርሳት ደግሞ ጤና አዳም ቀጥፌ ጢሜን አሸሁበት። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ታዘቡኝ። ያልጠጣ ሰው እንደ ጠጪ ሽታ ይደብቃል። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልምድ መቼም በከንቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ። ቅዳሴ እስኪወጣ እህልም ውሃም አፌ አይገባም። የአረቄው ጥጥስ የሚለኝ ይኖራል። አልዋጥሁትማ። ሽማግሌ ለራሱ ሕግ ሲያወጣ ጨክኖ አያውቅም።

ከወረታ ስንወጣ ሜዳው ጉም ለብሷል። ሩዙ ታጭዷል፤ ክምሩ ግራና ቀኝ እንደ ጎጆ ጣራ ከጉሙ በላይ ብቅ ብቅ ይላል። እንዴት እንደነዳሁ ልንገራችሁ፤ አህያ የጫነ ሰው ቀደመኝ። ፈንታዬ ጎኔ ተቀምጣ ሕፃኗን በዚያ በማይዘረጋው ክንዷ አቅፋለች። መጀመሪያ ላይ በቀኝ እጇ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ለቀቀችው። ቆየት ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

እኔ በምነዳው መኪና ላይ ልጄ ተኛች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን መጻፍ አልችልበትም። መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔ በእንባ እንዳይጋረድ እየታገልሁ ነበር የምነዳው። ይህን ያህል ብቻ ይበቃል።

ከርብ ድልድይ ወዲህ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ወጣት ነው፤ ጫማው ከኔ ጎማ ይልቅ ያበራል። አንዲት ጎልማሳ ሳጅን ደግሞ ራቅ ብላ ድልድዩ አጠገብ የጭነት መኪኖችን ታያለች። ቅዳሜ ሰርግ ያመሸ ሰው እሁድ ማለዳ መሪ ስለሚይዝ በእሁድ ጠዋት መፈተሽ ጀምረዋል አሉ። ሥራቸው ነው፤ እኔ ባለፈው ሕይወቴ እንዲህ ያለ ፖሊስ አጋጥሞኝ ቢሆን የልጄ ክንድ ባልተሰበረ።

"አባባ፣ መንጃ ፈቃድ።"

ሰጠሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋና አሸተተ።

"ምን ይሸታል?"

"ጤና አዳም ነው፣ ልጄ። እሁድ አይደል።"

"ከጤና አዳሙ በታች ያለውን ነው የምጠይቅዎት።"

ፈንታዬ ነቃች።

ከኪሱ አንዲት ጥቁር መሣሪያ አወጣ፤ ስልክ ታክላለች፤ አናቷ ላይ ነጭ ቀሰም ሰካ። "ጥልቅ አድርገው ይሳቡና እፍ ይበሉ። በቃ እስክልዎት እንዳያቋርጡ" አለኝ።

እኔ ደግሞ አፌ ዝም አይል። "በዚህ ዕድሜ የቀረችኝ ትንፋሽ ይህችው ናት፤ ስትጨርስ መልስልኝ" አልሁት። አልሳቀም። እፍ አልሁ። መሣሪያዋ ጮኸች፤ ቀይ መብራት በራባት፤ ቁጥር ታየ። ከዚያ ከታች በኩል ትንሽ ወረቀት ተፋች።

"ከልክ በላይ ነዎት" አለ። ቀስ ብሎ ቢለው ምን ነበረበት። ነጠላ የለበሱ ምእመናን በመንገዱ ዳር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ሁሉም ዘወር አለ። "አባባ፣ ጠጥተዋል። ሕፃን ጭነው ጠጥተዋል።"

"አልጠጣሁም።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚል።"

"ጥርሴን አሞኝ መድኃኒት አድርጌበት ነው።"

"ምን መድኃኒት?"

አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከጎኔ የልጄ ድምፅ መጣ፤ በጣም ዝግ ያለ።

"ምን መድኃኒት፣ አባ?"

በዚያች ቅጽበት ተልባ ብል፣ ነጭ ሽንኩርት ብል፣ ምንም ብል ደስ ባለኝ። ግን ከውሸት ጋር የተፋታሁት ከአረቄው ጋር በአንድ ቀን ነው። "አረቄ" አልሁ። "በጥጥ። ለጥርሴ። አልዋጥሁም።"

ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ፖሊሱ ግን፣ "ጥርሴ ነው የሚል እንኳ ዛሬ ገና ሰማሁ" አለና ፈገግ አለ። ትንሽ ጠብቀህ እንደገና ሞክረኝ ብዬ ለመንሁት። ለመንሁት ነው የምላችሁ፤ አርባ ዓመት መንገድ ላይ ስኖር ፖሊስ ለምኜ አላውቅም። አምስት ደቂቃ ያህል መታወቂያዬንና መንጃ ፈቃዴን ሲያገላብጥ ቆየና በድጋሚ አስነፋኝ። እንደገና ጮኸች።

"ያው ነው። መሣሪያ አይዋሽም" አለ፤ ሁለተኛውን ወረቀት ገንጥሎ።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ጊዜ እንኳ አፍዎ ውስጥ ምን አለ ብሎ አልጠየቀኝም። አንድ ጊዜ። እኔም አልነገርሁትም፤ ድዴ ደንዝዞ ጥጡ እዚያው መሆኑን ረስቼዋለሁ። በአረቄ የራሰ ጥጥ መንጋጋዬ ውስጥ ወትፌ መሣሪያ ላይ እፍ እላለሁ። ከኔ ይልቅ ብልህ ሽማግሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጎረቤቴ ፍየል ትበቃለች።

ፈንታዬ በሩን ከፈተች። ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና ወረደች። ዞራ ወደ እኔ በኩል መጣችና በመስኮቱ አየችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለኝ።

"አባ፣ ዛሬን እንኳ?"

ያለችው ይህን ብቻ ነው። በይፋግ አልፎ ወደ አዲስ ዘመን ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ እጇን አንሥታ አስቆመችና ገባች። ሚኒባሱ በጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። ባዶው ወንበር ላይ የሕፃኗ ነጭ ኮፍያ ቀርቷል።

ከወረታ የሚያውቀኝ አንድ የባጃጅ ነጂ አጠገቤ ቀዝቀዝ አለና፣ "አያ ድረስ፣ ተመለሱበት እንዴ?" ብሎኝ አለፈ። በሐዘኔታ ነው የጠየቀኝ። ለዚያ ሐዘኔታ እስካሁን በጥፊ ልለው ያምረኛል።

ሳጅኗ ከድልድዩ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ወጣቱ ነገሩን ነገራትና ሁለቱን ወረቀት ሰጣት። ጎን ለጎን ይዛ አየቻቸው። ግንባሯ ተቋጠረ።

"በስንት ደቂቃ ልዩነት ነው?" አለችው።

"አምስት ቢሆን ነው።"

"ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ወርዷል። የጠጣ ሰው በአምስት ደቂቃ እንዲህ አይወርድለትም። ከመንፋታቸው በፊት ጠየቅሃቸው? ጠበቅህ?"

ቆቡን አስተካከለ። እሷ የታሸገ ውሃ ይዛ ወደ እኔ መጣች። "አባቴ፣ አፍዎን ይጉመጥመጡና ይትፉት፤ ደግመን እንለካዎታለን።"

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ምሕረት ይመጣልኛል። እኔ ግን ምን አልሁ? "ቅዳሴ አልወጣም፤ ውሃ አፌ አይገባም" አልሁ።

ወጣቱ ፖሊስ የዚያን ጊዜ ከልቡ ሳቀ። "አረቄ ገብቶ ውሃ አይገባም? ይህስ የየትኛው ሃይማኖት ነው?"

እውነቱን ነው። አሁን ሳስበው እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን ግትር ብዬ ቀረሁ። አረቄው መድኃኒት ነው፣ ውሃው ጾም መግደፍ ነው እያልሁ የምከራከረው መንገድ ዳር ቆሜ፣ በሁለት ወረቀት ሰካራም ተብዬ ነው። ሳጅኗ አልሳቀችም።

"ይሁን። አፍዎ ውስጥስ ምንም የለም?"

ምላሴን ወደ መንጋጋዬ ላክሁ። ጥጡ እዚያ ነው። በጣቴ ጎርጉሬ አወጣሁና መዳፌ ላይ አስቀምጬ አሳየኋት። የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥጥ ናት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየናት።

ሳጅኗ ሰዓቷን አየች። "ሃያ ደቂቃ እንጠብቃለን። ምንም ነገር አፍዎ አያግቡ። ለነገሩ እርስዎ ለዚህ ችግር የለብዎትም" አለች።

በሃያው ደቂቃ ውስጥ ነገሩን አስረዳችኝ። እናቷ አረቄ አውጪ ነበሩ አሉ፤ ስለዚህ በሚገባኝ ቋንቋ ነገረችኝ። "አረቄ ሲወጣ ያውቃሉ። እንስራው ውስጥ ያለው ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ይወጣል። ሰውም እንደዚያው ነው። የጠጣው ደሙ ውስጥ ይገባል፤ ደሙ ሳንባ ሲደርስ እየተነነ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። ይህች መሣሪያ ደምዎን አታየውም። የመቃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሚወጣው እንፋሎት ልክ እንስራው ውስጥ ያለውን ትገምታለች። ረጅም ይንፉ የምንለውም ለዚህ ነው፤ ከሳንባ ሥር የሚመጣውን የመጨረሻውን ትንፋሽ ነው የምንፈልገው።"

"እኔስ?"

"እርስዎ አረቄውን የመቃው አፍ ላይ ወተፉት። እንስራው ባዶ ነው፤ እሷ ግን በምን ታውቃለች? ሙሉ መሰላት። ለዚህ ነው አስቀድመን መጠየቅ፣ ከሩብ ሰዓትም በላይ መጠበቅ ያለብን። የአፍ አረቄ በዚያን ያህል ጊዜ ይጠፋል። የደም አረቄ አይጠፋም።"

ይህን ስትናገር ወጣቱን እያየች ነበር። እሱ ጫማውን እያየ ነበር።

በሃያው ደቂቃ ነፋሁ። መሣሪያዋ አልጮኸችም። ዜሮ። ሦስተኛውን ወረቀት ሳጅኗ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ "ይቅርታ፣ አባቴ" አለችኝ። አጥፊው ግን እሷ አልነበረችም። አጥፊው መንጃ ፈቃዴን እንደ ምጽዋት ወርውሮ፣ "ይሂዱ፣ አባባ" አለኝ።

"ልጄን ማን ይመልስልኛል?" አልሁት።

"እኔ መሣሪያው ያለውን ነው ያነበብሁ።"

"መሣሪያው ስንት ደቂቃ ጠብቅ አለህ? ያንንስ ለምን አላነበብኸው?"

ትከሻውን ነቀነቀ። ያ ትከሻ ነው ሌሊት የሚያስነሣኝ። ተሳሳትሁ ማለት ከባድ ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስለዋልሁበት አውቀዋለሁ። ግን ቢያንስ ትከሻዬን አልነቀነቅሁም።

ደብሩ ስደርስ ክርስትናው አልቋል። ሕፃኗ ተጠምቃ፣ ቆርባ፣ አንገቷ ላይ ማዕተብ ታስሮላት በልጄ አማቾች እቅፍ ውስጥ ናት። የክርስትና ስሟን የሰማሁት ከበር ጠባቂው ነው። ኮፍያዋን በእጄ ይዤ አጥሩ ሥር ቆምሁ።

ፈንታዬ ስትወጣ ዜሮ ያለበትን ወረቀት ዘረጋሁላት። አየችው። ሩቅ አገር እንደተጻፈ ደብዳቤ ነው ያየችው።

"ይህን ያዩት እርስዎ ነዎት፣ አባ። እኔ ያየሁት የመጀመሪያውን ነው።"

ባለቤቴ ጣልቃ ገባች። "እኔ ነኝ ያዘዝሁት፤ ለጥርሱ ነው፣ ልጄ።"

"እማ፣ ድሮም እንዲህ ነበር የምትይኝ።"

ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። እውነት ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥርሱ ነው፣ ጨጓራው ነው፣ ድካም ነው እያለች ሸፍናልኛለች። የዚያን ቀን እውነቷን ስትናገር የሚያምናት ጠፋ። በዚህም የተናደድሁት በራሴ ነው።

ፈንታዬ ከዚያው ከክርስትናው ወደ ባሏ ቤት ሄደች። ወሬውማ ከኔ ቀድሞ ወረታ ገብቷል። የመጀመሪያው ቁጥር በሚኒባስ ሄደ፤ ዜሮው ግን በእግሩ ነው የመጣ፣ ያውም እያነከሰ። ገበያ ስወጣ ሰዎች እጄን ጠበቅ አድርገው ይጨብጡኛል፤ ጨብጠው ሲለቁኝ አሸተት ያደርጋሉ። ንስሐ አባቴ ሳይቀሩ መጡ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ "ጥጡስ ለምን አስፈለገ?" አሉኝ። ጥርሱን በማግስቱ ነቀልሁት። ሲነቀል ማደንዘዣው ሳይይዘኝ ጀምር ብዬ አዝዤ ነበር፤ ቢያመኝ ንዴቱ የሚወጣልኝ መስሎኝ። አመመኝ። ንዴቱ አልወጣም።

ሦስት ሳምንት ልጄ ቤታችንን አልረገጠችም። በአራተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤት መልስ ብቻዋን መጣች። ቁጭ ሳትል፣ "ሳጅኗን ፈልጌ ጠየቅኋት" አለች። "ሁሉንም ነገረችኝ። ሁለቱ ቁጥሮች እንደተለያዩ፣ ጥጡ እንደነበር፣ መጠበቅ እንደነበረባቸው። ያ ልጅም እዚያው ነበር።"

"ይቅርታ አለሽ?"

"መሣሪያው ያለውን ነው ያነበብሁ አለኝ።"

ደሜ ፈላ። ልነሣ ስል እጇን ዘረጋችልኝ፤ ያንን የማይዘረጋውን።

"ይቀመጡ። እሱን ሰውዬ ተዉት። እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ። ጥጡን ለምን ደበቁኝ?"

"ትደነግጫለሽ ብዬ።"

"ጤና አዳሙንስ ጢምዎ ላይ የቀቡት?"

አሥራ አንድ ዓመት ያልጠጣ ሰው ነኝ፤ የሰካራም መደበቂያ ግን ከኔ ጋር አርጅቷል። ጥርሴን አሞኛል፣ አረቄ ይዤበታለሁ፣ እይው ይኸው ብል ኖሮ ምናልባት ትደነግጥ ነበር፤ ምናልባትም በሚኒባስ እንሂድ ትለኝ ነበር። ግን ዛሬን እንኳ አትለኝም ነበር።

"የኔ ጥፋት ነው" አልኋት። ትከሻዬን አልነቀነቅሁም።

ያ ወጣት እስካሁን እዚያው ድልድይ አጠገብ ቆሞ ሰው ያስነፋል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ፍጥነቴን ቀንሼ በመስኮቱ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል። ሳይጠይቅና ሳይጠብቅ ስንቱን አባት ከልጁ ፊት አዋርዶ ይሆን እያልሁ እናደዳለሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ነጂዎች፣ እፍ በሉ ስትባሉ እፍ በሉ፤ መሣሪያዋ ጠቃሚ ናት። ግን አፋችሁ ውስጥ ያለውን ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ጠብቁኝ በሉ። ሃያ ደቂቃ ማንንም አይገድልም። እኔን የሃያ ደቂቃ ዕዳ ነው አንድ ክርስትና ያሳጣኝ፤ ክርስትና ደግሞ አይደገምም።

ፈንታዬ አሁን መኪናዬ ላይ ትወጣለች፤ ሕፃኗንም ይዛ። ከመግባቷ በፊት ግን በሩን ይዛ ትቆማለች። "አባ፣ አፍዎ" ትለኛለች። የፎገራን ላም ሊገዛ እንደመጣ ነጋዴ ጎንበስ ብላ ጥርሴን ትመለከታለች። ሰው ያየናል፤ የባጃጅ ነጂዎቹ ይስቃሉ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ገበያ መሐል እንደ ከብት እታያለሁ። በንዴት ጆሮዬ ይግላል።

ግን እከፍታለሁ። እስክትጨርስ ድረስ፣ ሰፋ አድርጌ እከፍታለሁ።